የአጥንት መሳሳት፦ ከእፍጋት ልኬት ወደ ስብራት ስጋት

አጥንት ዕድሜ ልኩን የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ያመዝናል፤ ኋላ ላይ ግን ሚዛኑ ወደ ማፍረስ ያጋድላል። በሴቶች ላይ፣ በማረጥ ዘመን የኤስትሮጅን ሆርሞን ሲያሽቆለቁል መሳሳቱ ይፋጠናል። ሂደቱ ሕመም ስለሌለው ብዙዎች የሚያውቁት አጥንታቸው ሲሰበር ነው። ይህ መጣጥፍ የሕክምና ውሳኔ በእፍጋት ልኬት ብቻ ሳይሆን በስብራት ስጋት ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ይሞግታል።

ልኬቱና ገደቡ

የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት፣ ዴክሳ በተባለው የራጅ መሣሪያ የተገኘው ውጤት ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ ጋር ይነጻጸራል። ቲ-ስኮር የሚባለው ይህ ውጤት በ-1 እና በ-2.5 መካከል ሲሆን ኦስቲዮፔኒያ፣ -2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ስብራት የሚደርሰው ልኬታቸው ከ-2.5 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው፤ ቁጥራቸው እጅግ ይበልጣልና።

ውጤታቸው እኩል -1.8 የሆነ ሁለት ሴቶችን እንውሰድ። አንዷ የ52 ዓመት ጤነኛ ናቸው፤ ሌላዋ የ74 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ከዚህ ቀደም ወድቀው አንጓቸው ተሰብሯል፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድም ይወስዳሉ። ልኬቱ አንድ፣ ስጋቱ ግን ለየቅል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ይፋ የሆነው ፍራክስ የተሰኘው ማስያ ዕድሜን፣ የቀድሞ ስብራትን፣ የወላጅ ዳሌ ስብራትን፣ ሲጋራንና መሰል ነገሮችን አጣምሮ የቀጣዩን 10 ዓመት ስጋት ያሰላል። የእፍጋት ልኬት ባይኖርም ይሠራል፤ የዴክሳ መሣሪያ በቅርብ ለማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ክብካቤው

በቅድሚያ መንስኤው ይፈተሽ፦ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ ለወራት የተወሰደ ስቴሮይድ። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ቴኖፎቪርም እፍጋትን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሆኖም ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጡ የባሰ አደጋ አለው።

ለአዋቂ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። በጾም ወተትና አይብ ሲቀሩ ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ያግዛሉ። ቆስጣ ግን ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ካልሲየሙ እምብዛም ወደ ሰውነት አይሰርግም። ክብደት የሚያሸክምና ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ በቂ የቤት ውስጥ ብርሃን፣ የማያንሸራትት ወለል ከመውደቅ ይጠብቃሉ።

ስጋቱ ከፍ ያለ ታካሚ መድኃኒት ያስፈልገዋል። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው አለንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ጉሮሮን እንዳያቆስልም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መተኛት አይገባም። የዴኖሱማብ መርፌ ደግሞ ያለ ተተኪ መድኃኒት ከተቋረጠ የአከርካሪ ስብራት ሊያስከትል ይችላል።

ከ50 ዓመት በኋላ ቆሞ ሳለ ወድቆ የተሰበረ ሰው ወጌሻም ጠገነው ሐኪም፣ ሥራው በጥገናው አያበቃም። አጥንቱ ለምን እንደተሰበረ ሊመረመር ይገባል።