«ዋችመን»፦ ከወርኃዊ እትም ወደ አንድ ጥራዝ
በአሜሪካ የልዕለ ጀግኖች ኮሚክስ፣ ማለትም ከሰው በላይ ኃይል ያላቸው ወይም ጭንብል ለብሰው ወንጀለኛን የሚያሳድዱ ገጸ ባሕርያት በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚቀርቡበት የትረካ ዓይነት፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በቀጫጭን ወርኃዊ እትሞች እየተሸጠ፣ ተነብቦ የሚጣል ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ልማድ ከለወጡት ሥራዎች አንዱ በአለን ሙር ተደርሶ በዴቭ ጊበንስ የተሣለው «ዋችመን» ሲሆን፣ ዲሲ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በ12 እትሞች ካወጣው በኋላ በዚያው በ1987 በአንድ ጥራዝ አሳተመው።

የጥራዙ ትልቁ ብርታት አወቃቀሩን ገልጦ ማሳየቱ ነው፤ አብዛኛው ገጽ በዘጠኝ እኩል ሣጥኖች ፍርግርግ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በተለይም አምስተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጹ ከመጨረሻው ጋር እንደ መስተዋት እንዲተያይ ስለተቀመረ፣ ወደ ኋላ እየገለጠ የሚያመሳክር አንባቢ ቀጣዩን እትም በየወሩ ከሚጠብቀው ይልቅ ብዙ ያገኛል። በአንጻሩ በምዕራፎቹ መካከል የገቡት አባሪዎች፣ ማለትም ከልብ ወለዱ ዓለም የተገኙ ሰነዶች መስለው የተጻፉት ገጾች፣ በወርኃዊው እትም ማረፊያ የነበሩትን ያህል በጥራዙ ውስጥ ትረካውን ያጓትታሉ፤ ሴት ገጸ ባሕርያቱም ከወንዶቹ ሲነጻጸሩ ሳስተው የቀረቡ ናቸው፣ ይህን ደግሞ የትኛውም አጠራረዝ አያቃናውም።

ከባዱ ጉዳት ግን የደረሰው በደራሲውና በሠዓሊው ላይ ነው። ውሉ የሥራው ኅትመት ሲቋረጥ መብቱ ወደ እነርሱ እንዲመለስ ቢደነግግም፣ ጥራዙ ተወዳጅ ሆኖ በተከታታይ በመታተሙ ያ ቀን ሳይደርስ ቀርቷል፤ ይህም ሙር ከአሳታሚው ጋር ለገባበት ቅራኔ አንዱ ምክንያት ሆነ።