የጎረቤት ውሻ ሲነክስ፦ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ነዋሪው ሊያውቀው የሚገባ

ውሻ የነከሰው ሰው ከሕግ በፊት የሚያስፈልገው ውኃና ሳሙና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እንዲታጠብ ይመክራል። ቡና መነስነስም ሆነ ቅጠል ማሰር ጊዜ ከማባከንና ቁስሉን ከማመርቀዝ በቀር ጥቅም የለውም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚገመት ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሕክምናው የሚያድነው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን በሽታውን ያግደዋል።

ስለዚህ የውሻው ባለቤት «ተከትቧል» ቢልም የክትባቱን ደብተር ማየትና ለሐኪሙ ማሳየት ተገቢ ነው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለ10 ቀናት በክትትል ሥር ይቆያል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ካልታመመ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያቋርጥ ይችላል። ውሻው ከተሰወረ ወይም ከተገደለ ግን ይህ ዕድል ይጠፋል። በንዴት ውሻውን መምታት ወይም መመረዝ የተነካሹን ጤና ይጎዳል፤ ከዚህም ሌላ በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ፌዴራላዊ ሕግ ተበዳዩን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል።

ለአምቡላንስ 998፣ ለአስቸኳይ የፖሊስ እርዳታ 999 ይደወላል። አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የዱባይና የሻርጃ ፖሊስ በ901 ያስተናግዳሉ። በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የታከመ ሰው ሳይወጣ የሕክምና ማስረጃውን ይጠይቅ፤ በአረብኛ «ተቅሪር ጢቢ» ይባላል። የቁስሉ ስፋት፣ ቀኑና የተሰጠው ክትባት የተጻፈበት ይህ ወረቀት በኋላ የሚቀርበው አቤቱታ ሁሉ መሠረት ነው።

ጉዳቱን የሚመረምረው ፖሊስ ሲሆን የውሻው ምዝገባ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው። የዱባይ ማዘጋጃ ቤት በ800900፣ የሻርጃ በ993፣ የአጅማን ደግሞ በ80070 ጥሪ ይቀበላሉ። አደገኛ እንስሳትን ስለ መያዝ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ፌዴራላዊ ሕግ ቁጥር 22 የውሻ ባለቤቶች ፈቃድ እንዲያወጡ፣ ውሻቸውን እንዲያስከትቡና ከቤት ውጭ በማሰሪያ ይዘው እንዲንቀሳቀሱ ያዛል። ይህን የተላለፈ ከ10,000 እስከ 100,000 ድርሃም ይቀጣል። እንስሳን ሰው ለማጥቃት የተጠቀመበት ደግሞ ጥቃቱ ዘላቂ የአካል ጉዳት ካስከተለ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። በአብዛኛው የሚያጋጥመው ግን ተንኮል ሳይሆን ቸልተኝነት ነው፤ በቸልተኝነት ሰውን ማቁሰልም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የካሣው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው። ለአራት አሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1985 የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግ በአንቀጽ 314 ስለ እንስሳ ሲናገር የሚጠቀመው ቃል «ዐጅማእ» ነው፤ አንደበት የሌላት፣ የማትናገር ማለት ነው። በወሎ መንዙማ የሚጻፍበት፣ በአረብኛ ፊደል የሚከተበው አማርኛ «አጀሚ» የሚባለውም ከዚሁ ሥር ነው። የማትናገረዋ እንስሳ በራሷ ያደረሰችው ጉዳት «ጁባር» ነው፣ ካሣ የለውም፤ ነገር ግን ባለቤትም ሆነ ያልሆነ፣ እንስሳዋን በእጁ ያደረገ ሰው ቸል ካለ ወይም ድንበር ካለፈ ጉዳቱን ይክሳል። የኢትዮጵያ የ1960 እ.ኤ.አ. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ውሻው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። በአገር ቤቱ ልማድ «ውሻው ያንተ ነውና ክፈል» ብሎ ብቻ የሚቀርብ ሰው እዚህ ሊረታ ይችላል። ማስረዳት ያለበት ቸልተኝነቱን ነው፦ ውሻው ማሰሪያ እንዳልነበረው፣ በሩ ክፍት እንደ ተተወ፣ ከዚያ በፊትም ሰው ላይ መዝለሉ ለባለቤቱ ተነግሮ እንደነበር። በመሆኑም ያለ ማሰሪያ የሚለቀቅን ቁጡ ውሻ ገና ሳይነክስ ለሕንፃው ጥበቃና ለማዘጋጃ ቤት ማመልከት ክፋት አይደለም። ያ ማመልከቻ ነገ ማስረጃ ይሆናል።

«ባለቤትም ሆነ ያልሆነ» የምትለው ሐረግ በተለይ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችንን ትመለከታለች። ማታ ማታ የማዳሟን ውሻ የምታንሸራሽር ሠራተኛ በዚያች ሰዓት እንስሳውን በእጇ ያደረገችው እርሷ ናት። ውሻው የጎረቤት ልጅ ቢነክስ ጥያቄው ወደ እርሷም ሊመጣ ይችላል። በዚያው ሕግ አንቀጽ 313 ግን ዳኛው፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት የመቆጣጠርና የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው እንዲከፍል ሊያደርግ ይችላል። ከአቅሟ በላይ የሆነን ውሻ እንድታወጣ የታዘዘች ሠራተኛ ጠንካራ ማሰሪያና የአፍ መሸበቢያ ትጠይቅ፤ ጥያቄዋን በዋትሳፕ በጽሑፍ ብታስቀምጠው ይበልጥ ይጠቅማታል። ራሷ በአሠሪዋ ውሻ ከተነከሰች ደግሞ በሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር የሠራተኞች አቤቱታ ቁጥር 80084 ማማከር ትችላለች።

ሽምግልና የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ጎረቤታሞች የክትባቱን ወጪ ከፍለው፣ ይቅርታ ተባብለው ይለያያሉ። አደጋው ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። በፖሊስ ጣቢያ ወይም በጎረቤት ሳሎን በአረብኛ ተጽፎ የሚቀርበው «ተናዙል» ብዙ ጊዜ ለሠራተኛው «የዕርቅ ወረቀት ነው» ተብሎ ይተረጎምለታል። ቃሉ ግን ዕርቅ ማለት አይደለም፤ መብትን መተው ማለት ነው። በአንድ መስመር የወንጀል አቤቱታውን ብቻ ሊያነሣ ይችላል፣ በሌላ መስመር ካሣውንም ጭምር። የትኛው እንደሆነ ቃል በቃል ሳይተረጎም፣ ክትባቱም ተሟልቶ ገንዘቡ ሳይከፈል መፈረም አይገባም።

በስልክ የተቀረጸው ምስልም ጥንቃቄ ይሻል። የቁስሉ፣ የውሻውና የተከፈተው በር ፎቶግራፍ ጠቃሚ ነው። የጎረቤትን ፊት በቲክቶክ ወይም በዋትሳፕ ቡድን መልቀቅ ግን በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የወሬና የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 34 ከስድስት ወር የማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ምስሉን ለመርማሪው ፖሊስ ማስረከብና ቅጂውን ማስቀመጥ በቂ ነው።