መምህር አስተማሪ መሣሪያ፦ ሳይንስንና እንግሊዝኛን አብረው ለሚማሩ ልጆች

ለሳይንስ መምህር የሚዘጋጅ መምሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው ሦስት ነገር ነው፤ ዛሬ ምን እንደሚያስተምር፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበትና የጥያቄዎቹ መልስ ምን እንደሆነ። ይህ ሥራውን ያቀልለታል። ፊት ለፊቱ ከተቀመጡት ልጆች ገሚሶቹ እንግሊዝኛን ገና እየተማሩ ከሆነ ግን የመልስ ቁልፍ ብዙም አይረዳውም። ልጁ ያየውን ያውቀዋል፤ የሚገልጽበት ቋንቋ ነው ያጠረው። መምህሩ ይህን እውቀት ከጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት አለበት። እንዴት እንደሚያወጣው የሚነግረው መጽሐፍ ደግሞ በእጁ የለም።

በአሜሪካ የትምህርት ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ካቀረቧቸው መፍትሔዎች አንዱ «ኤጁኬቲቭ ከሪኩለም ማቴሪያልስ» ይባላል። በአማርኛ «መምህር አስተማሪ መሣሪያ» ብንለው ይስማማል ብዬ አምናለሁ። መሣሪያ ስንል የተማሪውን መጽሐፍ፣ የመምህሩን መምሪያ፣ የሥራ ወረቀቱንና የሙከራ ዕቃውን ሁሉ ማለታችን ነው። ተማሪውን ማስተማርማ የማንኛውም መጽሐፍ ሥራ ነው። ይህኛው ልዩ የሚሆነው መምህሩንም ክፍል ውስጥ በሥራ ላይ እንዳለ ስለሚያስተምረው ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1996 ዲቦራ ቦልና ዴቪድ ኮኸን የተባሉ ምሁራን አንድ ነገር አስተዋሉ። ሥልጠና የሚደርሰው ለጥቂት መምህራን ሲሆን መጽሐፍ ግን በየክፍሉ ይገባል። እንግዲያው መጽሐፉ ራሱ መምህሩ እንዲማርበት ተደርጎ ቢዘጋጅስ አሉ። በ2000 ጃኒን ሪሚላርድ የተባለች ምሁር ልዩነቱን ግልጽ አደረገችው፤ የተለመደው መምሪያ በመምህሩ አፍ ለተማሪው ይናገራል እንጂ መምህሩን ራሱን አያናግረውም። በ2005 ኤልዛቤት ዴቪስና ጆሴፍ ክራይቺክ ሐሳቡን ወደ ሳይንስ ትምህርት አምጥተው ለአዘጋጆች የሚሆኑ 9 መመሪያዎችን አወጡ። የመመሪያዎቹ ፍሬ ነገር፣ «ይህን አድርግ» የሚል መምሪያ ሁሉ «ለምን» የሚለውንም አብሮ ይንገር የሚል ነው። ምክንያቱን የተረዳ መምህር ክፍሉ እንደታሰበው ባይሄድለት ራሱ መላ ይፈጥራል፤ ትእዛዙን ብቻ የያዘ ግን እዚያው ይቆማል።

እንግሊዝኛን ገና ለሚማሩ ልጆች ጉዳዩ የመብትም ጉዳይ ነው። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ላው እና ኒኮልስ» በሚባለው መዝገብ በሳን ፍራንሲስኮ ስለሚኖሩ ቻይናውያን ተማሪዎች ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻውን እኩል ማስተናገድ እንዳልሆነ ፍርድ ቤቱ ተናገረ። ዛሬ በአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ከ5 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ከ10 ተማሪ አንዱ ገደማ መሆኑ ነው።

ከውሳኔው በኋላም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የቀጠለ አንድ ልማድ ነበር፤ «መጀመሪያ ቋንቋውን ይልመድ፣ ሳይንሱ ይደርሳል» ይባላል፤ ሌሎቹ ሙከራ ሲሠሩ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ይወሰዳል። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ በደል ነው። ልጁ ቋንቋውን ሲለምድ ሳይንሱ ሁለትና ሦስት ዓመት ጥሎት ሄዷል። ቋንቋውም ቢሆን የሚለመደው የሚነገር ነገር ሲኖር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 ባወጡት ዘገባ የሳይንስ እውቀትና ቋንቋ ጎን ለጎን እንደሚያድጉ፣ አንዱ ሌላውን መጠበቅ እንደሌለበት አስረግጠዋል። ከዚያ ቀደም በ2013 የወጣው «ኔክስት ጄኔሬሽን ሳይንስ ስታንዳርድስ» ተማሪው ሞዴል እንዲሠራ፣ በማስረጃ እንዲከራከርና ምክንያት እንዲያብራራ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በቋንቋ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ የመምህሩ ሸክም ከብዷል።

መምህር አስተማሪ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ኦኪ ሊና ባልደረቦቿ ለ5ኛ ክፍል ያዘጋጁት «ሴይል» የተባለ የሳይንስ ትምህርት አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚነሣው «ቆሻሻችን ምን ይሆናል?» ከሚል ጥያቄ ነው። ርዕሱ በብልሃት የተመረጠ ነው፤ ከየትም አገር የመጣ ልጅ ቆሻሻ ያውቃል፤ ስለ ቆሻሻ የሚናገረው አያጣም። ልጆቹ ከምሳ የተረፈውን ይለያሉ፣ የምግብ ትርፍራፊ በጠርሙስ ያስቀምጣሉ። አንዱን ጠርሙስ ክፍት ይተዉታል፣ ሌላውን ይከድኑታል። ቀናት አልፈው ሲመዝኑ ክፍቱ ቀልሏል፤ የተከደነው ግን ያው ነው፤ ምግቡ በስብሶ መልኩ ቢለወጥም ክብደቱ አልተለወጠም።

አሁን አንዲት ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንዲህ አለች እንበል፦ «ይሄ ክፍት፣ ሽታ ሄደ፣ ቀላል ሆነ። ያ ዝግ፣ ሽታ ውስጥ፣ ያው።» የመልስ ቁልፍ ብቻ የያዘ መምህር «ጋዝ» የሚለውን ቃል ፈልጎ ያጣል፤ ሰዋስዋን ያርማል፣ ያልፋታል። መምህር አስተማሪ መሣሪያ ግን እዚህ ቦታ ላይ ለመምህሩ የተጻፈ ማስታወሻ አለው። ሽታ ማለት ለዓይን የማይታዩ የጋዝ ቅንጣቶች አፍንጫ ጋ ሲደርሱ መሆኑን ያስረዳዋል። ብዙ ልጆች ጋዝ ክብደት የለውም ብለው እንደሚያስቡ፣ የበሰበሰ ምግብም ጨርሶ «ጠፋ» እንደሚሉ አስቀድሞ ይነግረዋል። ከዚያ ልጅቷ የተናገረችውን እንዲያይ ይረዳዋል፤ ክፍቱንና ዝጉን አነጻጽራለች፣ ለክብደቱ መቀነስ ምክንያት ሰጥታለች፣ ሽታን ክብደት ያለው ነገር አድርጋ ቆጥራለች። ይህ ሙሉ ሳይንሳዊ ክርክር ነው። «ቅንጣት» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ልጅቷ የምትሰይመው ነገር በእጇ ከገባ በኋላ ነው። ቃላትን በሰሌዳ ደርድሮ ትምህርት ከሚጀምረው የቆየ ልማድ ጋር ስናስተያየው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ማለት ነው። እስከዚያው ድረስ ልጅቷ በሥዕል፣ በምልክት፣ ከጓደኛዋም ጋር በእናት ቋንቋዋ ብታስብበት እንደማይከለከል ማስታወሻው ያክላል፤ ምክንያቱንም ያብራራል።

የእኛ ልጆች ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንዷ ሞንትጎመሪ ካውንቲና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ አማርኛ በተማሪዎች ቤት ከሚነገሩት ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይሁንና እንግሊዝኛ ተማሪ ከሚባሉት ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት የቤት ቋንቋቸው ስፓኒሽ ስለሆነ፣ ብዙ መሣሪያ የተሠራው እነሱን አስቦ ነው። የስፓኒሽና የእንግሊዝኛ የሳይንስ ቃላት ይመሳሰላሉ፤ ለምሳሌ እንግሊዝኛው «ኢቫፖሬሽን» ሲል ስፓኒሹ «ኤቫፖራሲዮን» ይላል። መምህሩ ይህን ተጠቀምበት ሲባል ለስፓኒሽ ተናጋሪው ልጅ ደግ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪው አይሠራም። አማርኛ «ትነት» ነው የሚለው፤ «ግራቪቲ»ም «ስበት» ነው። ልጁ «ተነነ» እና «ሳበ» የሚሉትን ግሶች ከቤቱ ይዟቸው ስለሚመጣ፣ መነሻ ሊሆኑት ይችላሉ። ይህን ለመምህሩ በሁለት መስመር የሚነግር ማስታወሻ ለመጻፍ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው በአዘጋጆቹ መካከል መኖር ይበቃ ነበር።

መሣሪያው ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። ማስታወሻ ሲበዛ መምሪያው ይወፍራል፤ ጊዜ የሌለው መምህር ደግሞ የወፈረውን አይገልጥም። ስለዚህ ማስታወሻው ሥራው ካለበት ገጽ ላይ፣ አጭርና ለዚያ ትምህርት ብቻ የሆነ ቢሆን ይሻላል። ከመጽሐፉ ጎን የሥራ ባልደረባና የውይይት ጊዜ ካልተገኘም መምህሩ ብቻውን ሩቅ አይሄድም።

ጉዳዩ አገር ቤትንም ይመለከታል። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአንዳንድ ክልሎችም ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀመራል። እዚያ እንግሊዝኛን እየተማረ ሳይንስ የሚማረው መላው ክፍል ነው፤ ለመምህሩም ቢሆን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው። እንግዲህ የመምህር መምሪያ ለምታዘጋጁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ፤ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት የቱ ጋ እንደሆነ፣ በጎደለ እንግሊዝኛ የተነገረ ትክክለኛ ሐሳብም ምን እንደሚመስል አንድ አንድ ምሳሌ ጨምሩ። በውጭ የምትኖሩ ወላጆችም የልጃችሁን የሳይንስ መምህር ስታገኙ «ልጄ በአማርኛ እያሰበ መሥራት ይፈቀድለታል?» ብላችሁ ጠይቁ።