ሁለገብ ሪቮልቨር፦ አመራረጡና አያያዙ

ሪቮልቨር ጥይቶቹን በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና ሳይሆን ከበርሜሉ በስተኋላ በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ የሽጉጥ ዓይነት ነው፤ ቃታው በተሳበ ወይም መምቻው ወደ ኋላ በተጎተተ ቁጥር ከበሮው አንድ እርምጃ ዞሮ ተረኛውን ጥይት ከበርሜሉ ትይዩ ያቆማል። ሁለገብ የሚባለው ደግሞ ያው አንዱ መሣሪያ በልብስ ስር ይዞ ለመንቀሳቀስ፣ ቤትን ለመከላከልና በኢላማ ተኩስ ለመሠልጠን ሲበቃ ነው። ለመያዝ ቀላልና ትንሽ መሣሪያ ይመረጣል፤ ለኢላማ ከባድና ረጅም በርሜል ያለው ይሻላል፤ በመሆኑም ሁለገብነት ሁልጊዜ አንዱን ጥቅም በመጠኑ ሰጥቶ ሌላውን የመቀበል ጉዳይ ነው። ጥያቄው በስፋት የሚነሳው ግለሰቦች ሽጉጥ መያዝ በሚችሉበት በአሜሪካ ስለሆነ፣ ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በዚያው ገበያ በብዛት በሚገኙት በ.38 ስፔሻልና በ.357 ማግነም ሪቮልቨሮች ላይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ኮልት የፈጠራ ባለመብትነቱን በ1836 በአሜሪካ አስመዝግቦ በኒው ጀርዚ ግዛት በፓተርሰን ከተማ ማምረት ሲጀምር፣ እያንዳንዱ የከበሮ ጉድጓድ ባሩድና አረር በእጅ የሚሞላበት ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 ባሩዱን፣ አረሩንና ተቀጣጣዩን በአንድ የብረት ቀለህ ያሰባሰበ ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር ለገበያ ሲያወጣ መሣሪያው ወደ ዛሬ መልኩ ተቃረበ። ከዚሁ ፋብሪካ በ1899 የወጣው፣ ከበሮው ወደ ጎን የሚከፈተውና .38 ስፔሻል የሚተኩሰው ሽጉጥ፣ ኋላ ሞዴል 10 የተባለው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአሜሪካ ፖሊሶች ወገብ ላይ የተለመደ ትጥቅ ሆኖ ኖሯል። ከ.38 ስፔሻል እጅግ የሚበረታው .357 ማግነም በ1935 ተከተለ፤ በ1955 ደግሞ ኋላ ሞዴል 19 የተባለው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥና የኮልት ፓይተን ይህንኑ ብርቱ ጥይት ይዘው በአንድ ዓመት ብቅ አሉ። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ በ1993 ወደ ባለ ካዝና ሽጉጥ መሸጋገር የጀመረ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን አብዛኞቹ የአሜሪካ ፖሊሶች ያንኑ መንገድ በመከተላቸው ሪቮልቨር በዋናነት የግለሰቦች መሣሪያ ሆነ።

የሁለገብነቱ ቁልፍ ያለው ከሽጉጡ ይልቅ በሁለቱ ጥይቶች ዝምድና ነው። የ.38 ስፔሻል አረር ስፋት ስሙ እንደሚያመለክተው 0.38 ኢንች ሳይሆን 0.357 ኢንች፣ ማለትም ዘጠኝ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የ.357 ማግነም አረርም ልኩ ያው ነው። የሚለያዩት በቀለህ ርዝመትና በግፊት ነው፦ የማግነሙ ቀለህ በ3.4 ሚሊሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን፣ የርዝመቱ ዋና ጥቅም ብርቱው ጥይት ደካማ ግፊት እንዲችል ወደተሠራ የ.38 ከበሮ እንዳይገባ ማገድ ነው። በአሜሪካ የፋብሪካዎች መለኪያ መሠረት የ.38 ስፔሻል የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ፣ የማግነሙ 35,000 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ለ.357 የተሠራ ሪቮልቨር ሁለቱንም ይተኩሳል፤ ለ.38 የተሠራው ግን የራሱን ብቻ። ባለቤቱ ሽጉጡን ሳይለውጥ ጥይቱን በመለወጥ ብቻ ለጀማሪ ልምምድ የሚስማማ ለስላሳ መሣሪያም ሆነ ብርቱ መሣሪያ ያገኛል፤ በመካከላቸውም ፕላስ ፒ የሚባለው፣ ከመደበኛው .38 በመጠኑ ከፍ ያለ ግፊት ያለው ጥይት አለ።

ይህ ምቾት ግን የሚጠይቀው እንክብካቤ አለ። አጭሩ የ.38 ቀለህ በረጅሙ ጉድጓድ ውስጥ ደጋግሞ ሲተኮስ ከአፉ ፊት የጥላሸትና የእርሳስ ቀለበት ይጋገራል፤ በኋላ ረጅሙን የማግነም ጥይት ለማጉረስ ሲሞከር ጫፉ በዚያ ቀለበት ላይ ይቆምና ጥይቱ በአውራ ጣት ካልተገፋ አይገባም፣ ከተተኮሰ በኋላም ቀለሁ ተጣብቆ ይቀራል። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ የልምምድ ቀን በኋላ ሁሉንም ጉድጓዶች በነሐስ ብሩሽና በማሟሟያ ወልውሎ፣ አድርቆ፣ በስሱ ዘይት መቀባት ነው።

የሽጉጡ አካል መጠን ቀጣዩ ውሳኔ ነው። ትንሹ አካል አምስት ጥይት ይጎርሳል፤ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሲሠራ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በታች ስለሚሆን በኪስም በወገብም ሳይታወቅ ይያዛል። ቀላልነቱ ግን በተኩስ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል፤ የመሣሪያ ርግጫ፣ ማለትም ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚመታበት ኃይል፣ በቀላል መሣሪያ ላይ እጅን እስከማሳመም ይደርሳል፤ ያመመው ሰው ልምምድ ያቆማል፤ ያልተለማመደበት ሽጉጥም በጭንቅ ሰዓት ለራሱም ለጎረቤቱም አደጋ ይሆናል። ብዙ ሻጮች ለጀማሪዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ትንሹን ሽጉጥ ማቅረባቸው ከዚህ አንጻር ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው፤ ትንሹ ሽጉጥ በደንብ ለመተኮስ ከሁሉ የሚከብደው ነውና። መካከለኛው አካል በአብዛኛው ስድስት ጥይት ይጎርሳል፤ በብረት ሲሠራ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ይህ ሽጉጥ ርግጫውን በክብደቱ ውጦ ለተኳሹ ያቀልለታል።

የበርሜል ርዝመት በተለምዶ ከሁለት እስከ ስድስት ኢንች ይደርሳል። ባለ ሁለት ኢንቹ ለመደበቅ ይመቻል፤ ሆኖም የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ስለሚቀራረቡ ጥቂት የእጅ ስህተት ሰፊ የኢላማ ስህተት ይሆናል፣ ባዶ ቀለሆችን የሚገፋው ዘንግም አጭር በመሆኑ ቀለሆቹ ግማሽ መንገድ ወጥተው ይንጠለጠላሉ። ባለ ስድስት ኢንቹ ለኢላማ እጅግ ያማረ ቢሆንም ተቀምጦ ለሚውል ወይም መኪና ለሚነዳ ሰው ወገብ አይሆንም። ሦስቱን አገልግሎት አንድ መሣሪያ እንዲሸከም ከተፈለገ ከሦስት እስከ አራት ኢንች በርሜል ያለው፣ ባለ ብረት መካከለኛ አካል፣ .357 ማግነም የሚጎርስ ሪቮልቨር ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው፤ በዕለት ተዕለት አገልግሎቱም የሚበዛው ጊዜ .38 ስፔሻል ቢተኩስ ይመረጣል። እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 እና እንደ 1985ቱ ሩገር ጂፒ100 ያሉት በዚህ ክፍል ይመደባሉ።

ሪቮልቨር አይነክስም የሚለው ዘወትር የሚሰማ አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። አንድ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ብቻ ተረኛውን ስለሚያመጣ በዚህ በኩል ከባለ ካዝናው ይቀላል። ነገር ግን ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት ቀለሆቹን በሚያወጣው ኮከብ መሰል ብረት ስር ከገባ ከበሮው አይዘጋም፤ በጣም ቀላል በሆኑ ሽጉጦች ላይ ደግሞ የርግጫው ኃይል ያልተተኮሰውን አረር ከቀለሁ ወደ ፊት ጎትቶ ከከበሮው ፊት እንዲወጣ በማድረግ መዞሪያውን ያግደዋል፤ እንዲህ ያለው ችግር በአንድ ቃታ መሳብ አይፈታም።

ለቤት መከላከያ በተመረጠ ጊዜ ጥይቱ ከሽጉጡ ይበልጥ ያሳስባል። የሽጉጥ ድምፅ በጥቅሉ የመስማት አቅምን ለመጉዳት በቂ ሲሆን፣ በዝግ ክፍል የሚተኮስ ማግነም ከ160 ዴሲቤል በላይ የሚደርስ ፍንዳታና በጨለማ ዓይንን የሚያጨልም ብልጭታ አለው፤ አረሩም ቀጭን ግድግዳ በቀላሉ በስቶ ልጆች ወደተኙበት ክፍል ሊያልፍ ይችላል። የቤት ውስጥ ተኳሽ ሊመርጠው የሚገባ ጥይት ጫፉ ክፍት የሆነና ሰውነት ሲመታ የሚሰፋ .38 ስፔሻል ወይም ፕላስ ፒ ነው። ለልምምድ ደግሞ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው፣ በወረቀት ኢላማ ላይ እንደ ወረቀት መብሻ ንጹሕ ክብ የሚቆርጠው ባለ 148 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ተመራጭ ነው፤ ርግጫው ትንሽ በመሆኑ ጀማሪው ቃታ ሲስብ ዓይኑን የመጨፈን ልማድ እንዳያድርበት ይረዳል።

ቃታው ራሱ ሊመረመር ይገባል። መምቻው ሳይጎተት በአንድ ረጅም ስበት የሚተኮስበት አሠራር በአብዛኛው አምስት ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ሲጠይቅ፣ መምቻው አስቀድሞ ከተጎተተ በኋላ የሚሳበው ሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። በጭንቅ ሰዓት የሚያገለግለው የመጀመሪያው ስለሆነ የልምምዱም አብዛኛው ክፍል በእርሱ መሆን አለበት። የእጀታው ልክም ችላ አይባልም፤ እጁ እጀታውን በሙሉ ጨብጦ ሳለ ሌባ ጣቱ ቃታውን በመጀመሪያው አንጓው ካልደረሰው ሽጉጡ ለዚያ ሰው አልተሠራም ማለት ነው።

ያገለገለ ሪቮልቨር የሚገዛ ሰው ከበሮውን ከፍቶ ባዶነቱን በዓይኑም በጣቱም ካረጋገጠ በኋላ፣ በከበሮውና በበርሜሉ መካከል ያለውን ክፍተት በብርሃን ፊት ይመለከታል፤ ጤናማው ክፍተት እንደ ወረቀት የሚቀጥን፣ ከሩብ ሚሊሜትር የማይበልጥ ነው። ትኩስ ጋዝ በዚያ በኩል በኃይል ስለሚወጣ በተኩስ ጊዜ ጣት ከከበሮው ፊት ሊቀርብ አይገባም። ቀጥሎ ቃታውን ስቦ እንደያዘ ከበሮውን በጣት ይነቀንቃል፤ ግልጽ መወዛወዝ ካለ ጉድጓዱና በርሜሉ በአንድ መስመር ላይ አይቆሙም ማለት ነው። በሞዴል 19 ላይ ደግሞ የበርሜሉ የኋላ አፍ ከታች በኩል ተሞርዶ የሳሳ በመሆኑ፣ ቀለል ያለ አረር ባላቸው ብርቱ ማግነም ጥይቶች ብዙ ሲተኮስ ይሰነጠቃል። በ1980 የመጡት የዚያው ፋብሪካ 586 እና 686 ከሞዴል 19 ከፍ ባለ አካል የተሠሩት ማግነምን አዘውትሮ መተኮስ እንዲችሉ ነው።

ግዢው ከሕጉ አይነጠልም። የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሽጉጥ እንዳይሸጡ ይከለክላል፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ስደተኛ ሊገዛ ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለው በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ አይችልም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሥልጠናና አሻራ የሚጠይቅ የሽጉጥ ገዢነት ፈቃድ አላት፤ የቨርጂኒያ አሠራር ከዚህ የተለየ በመሆኑ ወንዝ ብቻ በሚለያቸው ጎረቤት ግዛቶች አንዱ ደንብ ለሌላው አይሠራም። በኢትዮጵያ ደግሞ ጉዳዩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው።

አብዛኛው ዘመናዊ ሪቮልቨር በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ ስለሌለው ጥይት የጎረሰውን ሽጉጥ ከመተኮስ የሚያግደው የቃታው ክብደት ብቻ ነው፤ ያም ክብደት በሁለት እጁ ለሚስብ ሕፃን በቂ እገዳ አይደለም። በመሣቢያ ወይም በትራስ ስር ማስቀመጥ በዚህ ምክንያት ተቀባይነት የለውም። ለአገልግሎት ዝግጁ የሚሆነው ሽጉጥ በቁጥር ወይም በአሻራ በሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሌላው ጊዜ ከበሮው ተከፍቶ ጥይቱ ከወጣ በኋላ በቀጭን ሽቦ የተሠራ ቁልፍ በበርሜሉ ውስጥ አልፎ ይታሰራል፣ ሽቦው እስካለ ድረስም ከበሮው አይዘጋም።