የፒራሚዱ ጥላና የተዘነጋው ጸሐፊ

የጂኦሜትሪ ታሪክ ሲተረክ ቀድሞ የሚነሳው ስም ታሌስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ይህ ግሪካዊ ግብፅ ወርዶ፣ ፒራሚዱ ላይ ሳይወጣ ቁመቱን ለካ ይባላል።

ዘዴው ቀላል ነው። በትር መሬት ላይ ይተከላል፤ የበትሩና የፒራሚዱ ጥላ በአንድ ሰዓት ይለካሉ። የፀሐይ ጨረር በሁለቱም ላይ በእኩል ማዕዘን ስለሚያርፍ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። ባለ 2 ሜትር በትር የ3 ሜትር ጥላ ከጣለ፣ የፒራሚዱም ቁመት የጥላው ሁለት ሦስተኛ ነው። ጥላው የሚለካው ግን ከግርጌው መሃል ጀምሮ ነው። በጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ብቻ 115 ሜትር ያህል ይሆናል።

ይህን የጻፉልን ፕሉታርክና ዲዮጋነስ ላኤርትየስ ናቸው፤ እነሱም ታሌስ ከሞተ ከ600 ዓመት በላይ ቆይተው። የታሌስ የራሱ ጽሑፍ አንድም አልተረፈም።

በአንጻሩ አህመስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው ፓፒረስ ዛሬም አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ የአንድ ፒራሚድ ግርጌ 140 ክንድ ነው፤ ጎኑ አንድ ክንድ ከፍ ባለ ቁጥር 5 ከ1/4 ጋት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቁመቱ ስንት ነው? አንድ ክንድ 7 ጋት ነው። የግርጌው ግማሽ 70 ክንድ በመሆኑ በዚያው ውድር ሲሰላ መልሱ 93 ከ1/3 ክንድ ይመጣል። ያልታወቀ ቁመት ከታወቀ ውድር፤ ያውም ከታሌስ 1,000 ዓመት ገደማ ቀድሞ!

ፓፒረሱን እ.ኤ.አ. በ1858 ሉክሶር ላይ የገዛው አሌክሳንደር ራይንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነበር። ዛሬ በብሪትሽ ሙዚየም ይገኛል፤ በብዛት የሚጠራውም በጸሐፊው ሳይሆን በገዢው ስም ነው።

ይህ ታሌስን አያሳንሰውም። በጥላ መለካት ሌላ ብልሃት ነው፤ የተሠራበትን ስሌት ለማያውቅ መንገደኛም ይጠቅማል። ግሪካውያኑ ራሳቸውም ታሌስ ጂኦሜትሪን ከግብፅ ይዞ እንደተመለሰ ጽፈዋል። ውለታውን የዘነጉት ከእነሱ በኋላ የመጡት ተራኪዎች ናቸው።

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል።