ሥራ ያቆመ ሰው ምን ይበላል?

ከሆሳዕና መናኸሪያ የሚነሳ መኪና ሥራ ፈላጊ ሳይጭን የወጣበት ቀን ያለ አይመስለኝም። የዛሬው ወጣት ሻንጣውን ጭኖ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ይላል። አያቱ ደግሞ ወንጂ ይል ነበር። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ አገዳውን ከቆረጡለት ሰዎች ብዙዎቹ የሀዲያ፣ የከምባታና የወላይታ ልጆች ነበሩ።

ወንጂን የምናስታውሰው በስኳሩ ነው። ይሁንና ወንጂ የአገራችን የሠራተኛ ትግል አንዱ መነሻም ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት አቶ አበራ ገሙ ከዚያው የመጡ ናቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። አድማ የመታው ሰው ያን ሰሞን ምን በላ? መጻሕፍቱ ስለ ድርድሩና ስለ እስሩ ይነግሩናል፤ ስለ ድስቱ ዝም ይላሉ። የጀርመን ብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር አድማ ላይ ላለ አባሉ ከመዋጮ ካጠራቀመው ይከፍላል። በ1976 እና 77 ዓ.ም. አንድ ዓመት ያህል አድማ የመቱት የእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎች ግን ከማኅበራቸው የአድማ ክፍያ አልነበራቸውም። ያቆያቸው ሚስቶቻቸው ያቋቋሙት የጋራ ወጥ ቤት ነው።

የእኛ ሰው መጠባበቂያው እንሰት ነው እላለሁ። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በችግር ቀን ይቆረጣል፣ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይቆያል። ምን ያደርጋል፣ እንሰቱ ጓሮ፣ ሰውየው አገዳ ማሳ! ሊበላ አገሩ ከገባ፣ ቦታውን የሚይዝ ሌላ የቸገረው ልጅ በቀጣዩ መኪና ይመጣል። መናኸሪያው አድማ የመታውንም ተተኪውንም እኩል ያመላልሳል። እቤት ያለችው እናትም ብትሆን የምትጠብቀው ልጇን ብቻ ሳይሆን የሚልከውን ገንዘብ ጭምር ነው።

ሕጉስ? አዋጅ 1156/2011 አድማ ይፈቅዳል፤ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ደመወዝ የሚከፈለው ግን በመሠረቱ ለተሠራ ሥራ ብቻ ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በነዳጅ ዋጋ ምክንያት መኪናቸውን ያቆሙት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የከፈሉት ከኪሳቸው ነው፤ ያልነዳ አያገኝማ! የካቲት 28 የተጀመረው አጠቃላይ የሠራተኞች አድማ የቆየው አራት ቀን ነው። ለአራት ቀን ጎረቤትም ባለሱቅም ያበድራል። ለአራት ወር ቢሆንስ ኖሮ?

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሀዲያ ዞን ነገሩ ተገላበጠ። መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ሥራ ያቆሙት ደመወዛቸው ለወራት ስላልተከፈለ ነው። አድማው ደመወዝ አላስቀረም፤ የቀረው ደመወዝ ነው አድማውን የወለደው። የመንግሥት ሠራተኞች በመሆናቸውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይመለከታቸውም። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚቀረው የባለሱቁ የዱቤ ደብተርና ዘመድ ነው።

ዕድር ያለን ሕዝብ ነን። ለቀብር የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ሳናጓድል እናዋጣለን። የሠራተኛ ማኅበራትም ከአባላቸው መዋጮ ይሰበስባሉ። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ይህን ያህል ይከብዳል? ልጆቹ የተራቡበት ሰው ምንም ያህል እውነት ቢይዝ፣ ከአሠሪው ጋር ሲደራደር የሚቸኩለው እሱ ነው።