የኪስ ካሜራና ጨለማ፦ የመቶ ዓመት ቅኝት

ለሌሊት ማሕሌት፣ ለሠርግ ድንኳን ወይም አምፖሉ ለደበዘዘ ሳሎን የምትሆን ትንሽ ካሜራ ፍለጋ ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው የሜጋፒክስሉ ብዛት ነው፤ ቀጥሎ የዙሙ ርዝመት። ሁለቱም በጨለማ ውስጥ እምብዛም አይፈይዱም። የጨለማን ፎቶ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን ያስገባል? ብርሃኑ የሚያርፍበት ፊልም ወይም ሴንሰር ምን ያህል ሰፊ ነው? የደረሰውን ብርሃንስ ምን ያህል ይጠቀምበታል? ትንንሽ ካሜራ የሠሩ ሁሉ ላለፉት መቶ ዓመታት ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። አንዳንዴ ፊት ለፊት ገጥመዋቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሸሽተዋቸዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ታሪክ በአንድ ቀላል ስሌት መከተል ይቻላል። በሌንስ ላይ «ኤፍ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። የኤፍ ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ፣ የሴንሰሩን ስፋት በካሬ ሚሊሜትር ወስዶ ለተገኘው ውጤት ማካፈል ነው። የሚወጣው ቁጥር፣ ሁለት ካሜራዎች ለእኩል ጊዜ ቢከፈቱ አንዷ ከሌላዋ ስንት እጥፍ ብርሃን እንደምትሰበስብ ያሳያል። በአንድ ዝናብ ሰፊ ጣሪያ ያለው ቤት በርሜሉን ቀድሞ እንደሚሞላ ማለት ነው። ይህን ቁጥር «የብርሃን ድርሻ» እንበለው።

ከብልጭታ ዱቄት ወደ ሰፊ ሌንስ

ለጨለማ የተሰጠው የመጀመሪያው መልስ ብርሃን ይዞ መሄድ ነበር። አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲኬ የተባሉ ጀርመናውያን በ1887 ከማግኒዚየም የተቀመመ የብልጭታ ዱቄት አስተዋወቁ። የኒው ዮርክን ድሆች መኖሪያ ያጋለጠው ጋዜጠኛ ጄከብ ሪስ ወዲያው ተጠቀመበት፤ ዱቄቱ ፎቶ በሚያነሳበት ቤት እሳት እንዳስነሳበትም ራሱ ጽፏል። ዱቄቱ ፊትን ያሳያል፤ ነገር ግን የቦታውን የራሱን ብርሃን ያጠፋል፤ የተነሺውንም ሁኔታ ይለውጣል። በብልጭታ ተደናግጦ የተነሳ ሰው ከብልጭታው በፊት የነበረው ሰው አይደለም።

ሁለተኛው መልስ የመጣው በ1924 ከድሬስደን ነው። የኤርነማን ኩባንያ ኤርማኖክስ የተባለች ትንሽ ካሜራ አወጣ፤ ሌንሷን የነደፈው ሉድቪግ በርተለ የሚባል ወጣት ነበር። ቀዳዳው መጀመሪያ ኤፍ/2፣ ቆይቶም ኤፍ/1.8 ሆነ። ፎቶው የሚያርፈው 4.5 በ6 ሴንቲሜትር በሆነ የብርጭቆ ሳህን ላይ ስለነበር የብርሃን ድርሻዋ 830 ያህል ይደርሳል። ዛሬ በኪስ ከሚያዙት ዲጂታል ካሜራዎች አንዷም ወደዚህ አትጠጋም።

ኤርማኖክስን ስመ ጥር ያደረጋት በሕግ የተመረቀው ኤሪክ ሰሎሞን ነው። በ1928 ካሜራውን ኮፍያው ውስጥ ሸሽጎ የፍርድ ቤት ችሎት አነሳ። በ1930 ደግሞ ሄግ ላይ የጀርመንን የጦር ካሳ ሲደራደሩ ያመሹ ሚኒስትሮችን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወንበር ላይ ተዘርግተው በድካም እንደዛሉ ቀረጻቸው። ፖለቲከኛ ሳይዘጋጅ የሚታይበት የጋዜጣ ፎቶ ከእንዲህ ዓይነት ሌሊቶች ተወለደ። አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች በ1944 በአውሽቪትስ ገደሉት።

የኤርማኖክስ ዋጋዋ ግን ከባድ ነበር፤ ሳህኑ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ መቀየር ነበረበት። በ1925 በላይፕሲግ ትርኢት ለሕዝብ የቀረበችው የኦስካር ባርናክ ላይካ ይህን ችግር በጥቅል ፊልም ፈታችው፤ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆኑ 36 ፎቶዎችን በተከታታይ ታነሳለች። ይሁንና በኤፍ/3.5 ሌንሷ የብርሃን ድርሻዋ 70 ብቻ ነበር። ፍጥነትና ቅለት ተገኘ፤ ብርሃኑ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ቀነሰ። ያው በርተለ በ1932 ለዛይስ ኩባንያ የሠራው ኤፍ/1.5 ሌንስ ከጠፋው ብርሃን ቀላል የማይባለውን መለሰ። በዚያው ዘመን የፓሪስን ሌሊት ያነሳው ብራሳይ የተለየ መንገድ መረጠ፤ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሞ፣ መዝጊያው ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ በሚያጨሰው ሲጋራ ይለካ ነበር። ጭጋግና የድንጋይ መንገድ አይንቀሳቀሱም፤ ጊዜ ብርሃንን የሚተካው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ብቻ ነው።

ፍላሽና ዙም ያስረሱት ብርሃን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊልሙ ራሱ ተሻሻለ። ኮዳክ ትራይ ኤክስ የተባለውን ፈጣን ጥቁርና ነጭ ፊልም በ1954 ለትንንሽ ካሜራዎች አቀረበ፤ ጋዜጠኞችም ያለ ፍላሽ ቤት ውስጥ መሥራት ለመዱ። ጃፓኖች ደግሞ ሰፊ ሌንስ ያላቸውን ካሜራዎች ለተራው ገዢ አወረዱ። የ1961ዱ ካኖኔት ኤፍ/1.9 ነበረ፤ የ1966ቱ ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ኤፍ/1.7 ሆኖ መዝጊያው ራሱ ብርሃኑን እየለካ እስከ 30 ሰከንድ ይከፈት ነበር። የያሺካዋ ድርሻ 300 ያህል ነው። የቤተሰብ አባወራ በእጁ የያዛት ካሜራ ከላይካዋ አራት እጥፍ በላይ ብርሃን ትሰበስብ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስገርም ነው። ኮኒካ በ1975 ፍላሽ በውስጧ የተገጠመላት ካሜራ፣ በ1977 ደግሞ ራሷ የምታነጣጥር ካሜራ አወጣ። ፍላሽ ካለ ሰፊና ውድ ሌንስ ለምን? ፋብሪካዎቹ ይህን ብለው ቀዳዳውን አጠበቡት። በ1986 ፔንታክስ ዙም ያላት የመጀመሪያዋን የኪስ ካሜራ ሲያመጣ፣ ሌንሷ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ቀዳዳው ወደ ኤፍ/6.7 ይጠብብ ነበር፤ ድርሻዋ 19። በ20 ዓመት ውስጥ ከ300 ወደ 19 መውረድ ነው፤ ያውም ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ዕድገት እያወራ። ፊቱ እንደ ወረቀት የነጣ፣ ከጀርባው ያለው ሁሉ የጠቆረ የዚያ ዘመን የቤተሰብ ፎቶ ምንጩ ይኸው ነው።

የሜጋፒክስል ሽቅድምድም

ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ1969 በቤል ላብስ የፈለሰፉት ሲሲዲ ሴንሰር ታሪኩን እንደ አዲስ አስጀመረው። ፊልም ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ምስል የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን፣ ዘመናዊ ሴንሰር ግን ግማሹንና ከዚያ በላይ ይጠቀምበታል። የዛሬ ትንሽ ካሜራ ከኤርማኖክስ ያነሰ ብርሃን ሰብስባ የተሻለ ፎቶ የምትሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሴንሰሩ ማነስ ነበር። ከካሲዮ የ1995 ሞዴል በኋላ ገበያውን ያጥለቀለቁት የኪስ ዲጂታሎች ሴንሰራቸው 25 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ በኤፍ/2.8 ሌንስ ድርሻቸው 3 ያህል ነው። ፋብሪካዎቹ ይህችን ጠባብ ቦታ ከማስፋት ይልቅ ወደ ብዙ ፒክስሎች መከፋፈልን መረጡ፤ ቁጥሩ ለማስታወቂያ ይመቻልና። ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚደርሰው ብርሃን ሲያንስ ጥላው ውስጥ ነጠብጣብ ይበዛል፤ ነጠብጣቡን የሚያጠፋው ሶፍትዌር ደግሞ የጸጉርንና የጥልፍን ዝርዝር አብሮ ይጠርጋል።

ከሽቅድምድሙ የወጣው መጀመሪያ ፉጂፊልም ነው። የ2005ቱ ፋይንፒክስ ኤፍ10 እና የ2006ቱ ኤፍ30 በ6 ሜጋፒክስል ተወስነው አይኤስኦን፣ ማለትም ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን የትብነት መጠን፣ ወደ 1600፣ ከዚያም ወደ 3200 አደረሱ፤ ሌሎች የኪስ ካሜራዎች በ400 በሚንገዳገዱበት ጊዜ ማለት ነው። በ2007 ግን ኩባንያው ራሱ ወደ 12 ሜጋፒክስል ተመለሰ። ትምህርቱን የቀጠሉት ሌሎች ናቸው። ፓናሶኒክ በ2008 ኤልኤክስ3ን ሲያወጣ ዙሙን አሳጥሮ ሌንሱን ወደ ኤፍ/2 አሰፋ። ካኖን ደግሞ በ2008 ወደ 14.7 ያደረሰውን ሜጋፒክስል በ2009 በጂ11 እና በኤስ90 ወደ 10 መለሰው። ያለ ሃፍረት ወደ ኋላ መሄድ ነበር፤ ገዢውም ወደደው። በዚያው ዓመት ሶኒ ሽቦዎቹ ብርሃን ከሚቀበለው ክፍል በስተጀርባ እንዲሆኑ ተገልብጦ የተሠራ ሴንሰር በኪስ ካሜራዎቹ ላይ ገጠመ፤ በተመሳሳይ ስፋት ላይ የሚባክነው ብርሃን ቀነሰ።

ትልቅ ሴንሰር በትንሽ አካል

እውነተኛው ለውጥ ሴንሰሩን ማስፋት ነበር። ሲግማ በ2008 በዲፒ1 ሞክሮታል፤ ግን ሌንሷ ኤፍ/4 ስለነበር ለሌሊት አልበቃችም። በ2011 ገበያ የገባችው የፉጂፊልም ኤክስ100፣ ወደ 370 ካሬ ሚሊሜትር የሚጠጋ ሴንሰርና ዙም የሌለው ኤፍ/2 ሌንስ ይዛ መጣች፤ ድርሻዋ 92። በ2012 ሶኒ አርኤክስ100ን አወጣ፤ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ሴንሰር፣ ኤፍ/1.8 ሌንስ፣ ድርሻ 36፣ ያውም በሸሚዝ ኪስ የምትገባ። በዚያው ዓመት የወጣችው አርኤክስ1 የላይካን ያህል ሙሉ ፍሬም ይዛ 216 ደረሰች፤ ዋጋዋ ግን 2,800 ዶላር ገደማ ነበር። የሪኮ ጂአር በ2013 ቀጠለች፤ ኤፍ/2.8 ሆና ድርሻዋ 47።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩት አንድ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያዋ አርኤክስ100 ኤፍ/1.8 የምትሆነው ዙሙ ሳይዘረጋ ብቻ ነው። ሲዘረጋ ቀዳዳዋ ወደ ኤፍ/4.9 ይጠብባል፤ ድርሻዋም ከ36 ወደ 5 ይወርዳል። በሻማ ብርሃን አጠገብ በ1600 አይኤስኦና በሰከንድ 1/60 የሚሠራው ፎቶ፣ ዙሙ ሲዘረጋ 12,000 የሚጠጋ አይኤስኦ ይጠይቃል። በ2014 የወጡት አርኤክስ100 ማርክ 3 እና የካኖን ጂ7ኤክስ ሌንሳቸው ተዘርግቶም ኤፍ/2.8 ላይ መቆየቱ ትልቅ ቁም ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

ስልክ ያመጣው ሌላ መንገድ

የኪስ ካሜራን ገበያ ያፈረሰው ስልክ ነው፤ በጨለማም ቢሆን መልሱ የራሱ ነበር። ጉግል በኅዳር 2018 በፒክስል ስልኮቹ ላይ ያመጣው «ናይት ሳይት» እስከ 15 ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ይደራርባቸዋል። የአንዱ ፎቶ ድርሻ 7 ያህል ቢሆንም፣ 15 ሲደመር ከ100 በላይ ይሆናል፤ የኤክስ100ን አንድ ፎቶ ያህል ማለት ነው። አይፎን በ2019 ተከተለ። ብራሳይ በሲጋራ የለካውን ጊዜ ስልኩ ቆራርጦ ይሰበስበዋል። ድንበሩም ያው የብራሳይ ድንበር ነው፤ ለቆመ ሕንፃ ድንቅ፣ መቋሚያ ለሚያወዛውዝ ዘማሪና እስክስታ ለሚወርድ ሙሽራ ግን ደካማ። እያንዳንዱ ቁራጭ ጊዜ ሲቆጠር እንቅስቃሴው ሳይጠብቅ ያልፋል።

የምስል ማረጋጊያም እንዲሁ ነው። ኒኮን በ1994 በፊልም የኪስ ካሜራ ላይ ካስተዋወቀው ጀምሮ እስከ 2019ኟ ጂአር 3 እና እስከ 2024ቷ ኤክስ100 6 ድረስ ማረጋጊያ የሚያስታግሰው የአንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ ነው። የተነሺውን እንቅስቃሴ አያቆምም።

ምን ይመረጥ?

መቶ ዓመቱ የሚያስተምረው፣ በጨለማ ፎቶ ማንም ያለ ኪሳራ እንዳላተረፈ ነው። ኤርማኖክስ ፍጥነትን፣ ኤልኤክስ3 ዙምን፣ ኤክስ100 የሸሚዝ ኪስን፣ ስልክ እንቅስቃሴን ከፍለዋል። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ምን ለመተው እንደሚፈቅድ ነው።

የሚያነሳው የማይንቀሳቀስ ነገር ከሆነ፣ ጥሩ የሌሊት ስልት ያለው ስልክ ወይም ትንሽ ትራይፖድ ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ያስቀምጥ። ሰው የሚያነሳ ግን በሰከንድ ቢያንስ 1/60፣ ለጭፈራ 1/125 ይፈልጋልና ከሌንስና ከሴንሰር ስፋት ውጪ ማምለጫ የለውም። መጠጋት የሚችል ሰው ዙም ትቶ ጂአርን ወይም ኤክስ100ን ቢይዝ ያተርፋል፤ የመዝጊያቸው ድምፅም ዝቅተኛ ስለሆነ ጸሎት አይረብሹም። ከሩቅ መቆም ግድ የሚለው ሰው ደግሞ ዙሙ ሲዘረጋም ቀዳዳው ከኤፍ/2.8 የማይጠብበውን ይምረጥ። ሁሉም ቢሆን ጥሬ ፋይል፣ ማለትም ሮው የምትሰጥ ካሜራ ይግዛ፤ ነጠብጣቡን ቆይቶ በኮምፒውተር ማጽዳት ካሜራዋ ራሷ ከምታደርገው የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

በጀቱ ጠበብ ያለ ገዢም ተስፋ አይቁረጥ። የሴንሰር ስፋት በዕድሜ አይቀንስም። የ2013ቷ ጂአር ወይም የ2011ዷ ኤክስ100 ሰው ተጠቅሞባት የተሸጠች ብትሆንም፣ ድርሻዋ 3 ከሆነች አዲስ ካሜራ ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ትሰበስባለች። ከመግዛቱ በፊት ባትሪዋን ይፈትሽ፤ ሌንሷ ስለማይፈታ ሴንሰሯ ላይ አቧራ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀዳዳዋን አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ያንሳ። ጥቁር ነጥብ ካልታየና ባትሪዋ ከያዘ፣ የወጣችበት ዓመት አያሳስበው።